ዓርብ ቀን የተራበው ጓድ

በዚያን ጊዜ የአዋሳ ዘጋቢ ነበርኩ። ከመሃል ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ የእርሻ ጥናት ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ አውሰውኝ ዜናዬን እዚያ እጽፍ ነበር። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ የምርት ስሌት የሚሠራበት ኮምፒዩተር ይዞ መጣ። በዓይኔ ያየሁት የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ነው። ባለሙያው ወደ አገሩ ሲመለስ መሣሪያውን ትቶት ሄደ። ከስሌቱ ዲስኮች መካከል አንዱ ግን የስሌት አልነበረም።

ጨዋታ ነው። በኮምፒዩተሩ ጥቁር መስታወት ላይ በአረንጓዴ መስመር የተሳለ አሮጌ ግንብ አለ። ከግንቡ ሥር በጨለማ የተሞላ ምድር ቤት፣ በምድር ቤቱ ውስጥ ሰይፍ የጨበጡ አጽሞችና ዓይናቸው የሚነድ ውሾች አሉ። ከእነዚህ ሁሉ መሃል ጥሩር የለበሰ አንድ ተዋጊ ቆሟል። እሱን በሕይወት ወደ ውጭው በር ማድረስ የእኛ ፈንታ ነው። ባላባት ልንለው አሰብን፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን በመንግሥት ቢሮ ውስጥ ባላባትን የሚንከባከብ ሰው ጥሩ አይታይም። ስለዚህ ጓድ አልነው።

ተጫዋቾቹ ሦስት ነበርን። የምሳ ሰዓት ሲደርስ በሩን ገርበብ አድርገን እንቀመጣለን። የቢሮዋ ታይፒስት፣ ከሲዳማ ገጠር መጥታ አዋሳ የተማረች የመካነ ኢየሱስ ምእመን፣ ቁልፎቹን ትነካለች፤ ጣቷን የሚያህል ፈጣን አልነበረንም። እኔ እንግሊዝኛውን አነባለሁ፤ የምድር ቤቱንም ካርታ በማስታወሻ ደብተሬ እስላለሁ። ገብተን ያላየነውን ክፍል አልስልም። የሚወስኑት ግን የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ከጎንደር በሥራ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ አዛውንት ነበሩ።

«በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም» አሉን በመጀመሪያው ቀን፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ይህም ሰውዬ እኔ እጅ ገብቷል። አይጠፋም።»

ቀልድ መስሎን ነበር። አልነበረም። ጨዋታው ተዋጊው ከሞተ ከዲስኩ ላይ ይፍቀዋል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ይህን ካነበብኩላቸው በኋላ እሳቸው ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። አባ ኮዳ የሚባሉት የሐይቁ ትልልቅ ወፎች የቢሮው ቆርቆሮ ላይ ሲራመዱ እንኳ «ዝም! ከላይ ሰው አለ!» ይሉን ነበር። ታይፒስቷ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ትደፋለች።

የጓድ ስንቅ ዳቦና የተጠበሰ ሥጋ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ዳቦ ይበላል፤ በሌላው ቀን ሥጋ። ይህን ያዘዙት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። እኛም አልተከራከርንም፤ ዳቦ ነበረና።

ሁለት ሳምንት እንደተጫወትን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ኮምፒዩተሩ ለዋናው መሥሪያ ቤት ይፈለጋል፤ ዓርብ በስምንት ሰዓት መኪና ይመጣል። ዓርብ ለምሳ ስንቀመጥ በካርታዬ መሠረት ጓድን ከርቀት ከሚታየው የውጭ በር የሚለየው አንድ ረጅም ኮሪደር ብቻ ነበር። ኮሪደሩን የሚጠብቀው አንድ አጽም ነው። በቁጥር የሚለካው የጓድ ጉልበት ግን ሦስት ብቻ ቀርቷል፤ ባዶ ከሆነ ይሞታል። ከረጢቱን ከፈትን። ዳቦው አልቋል። ያለው አንድ የተጠበሰ የበግ እግር ነው።

ታይፒስቷ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች።

«ተይ!» አሉ ኃላፊው። «ዛሬ ዓርብ ነው።»

«ጋሼ፣ ካልበላ እኮ ይሞታል!»

«እኔ ከነጋ እህል አልቀመስኩም፤ ሞቻለሁ?»

«እርስዎ ከአጽም ጋር አልተዋጉም።»

«ሠላሳ ዓመት ከቢሮ ኃላፊዎች ጋር ተዋግቻለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰውዬው ፈረንጅ ነው! ጾም አያውቅም!»

«እሱ ባያውቅ የሚያጎርሰው እኔ አውቃለሁ» አሉ። ድምፃቸው ግን ለስልሷል። ሰውዬውን ማጣት አይፈልጉም፤ ዓርብንም መሻር አይችሉም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ከሩብ ይላል።

እኔ ደብተሬን ገለጥኩ። ሥራዬ የታየውን መመዝገብ ስለሆነ፣ ጨዋታው በመስታወቱ ጥግ የሚያሳየውን የቀን ቁጥርም በየጊዜው ጽፌ ነበር። ቁጥሩ የሚጨምረው ጓድ ሲተኛ ብቻ ነው።

«ዓርብ የሆነው እዚህ ነው» አልኩ። «እዚያ ግንብ ውስጥ ዛሬ ሃያ አራተኛው ቀን ነው። የጀመርነው ሰኞ ነበር።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰኞን አንድ ብለህ ቁጠር።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ስምንት ሰኞ፣ አሥራ አምስት ሰኞ፣ ሃያ ሁለት ሰኞ። ሃያ ሦስት ማክሰኞ። ሃያ አራት ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«በል እንጂ!» አለች ታይፒስቷ።

«ረቡዕ» አልኩ።

ታይፒስቷ በሳቅ ፈነዳች። እኔም ተከተልኩ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሳይቀሩ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«እንግዲያውስ እስከ ዛሬ በግንቡ አቆጣጠር ስንት ረቡዕ ሥጋ አብልተውታል ጋሼ?» አለቻቸው።

«ባለማወቅ ነው» አሉ በፍጥነት። «ባለማወቅ የተሠራ ይቅር ይባላል።»

መላውን ያመጣችው እሷ ናት። «እናስተኛው! ሲነቃ ሐሙስ ነው።»

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። በባዶ ሆድ መተኛት ሁለት ጉልበት ይበላል። ከሦስት ሁለት ሲቀነስ አንድ ይቀራል፤ በእንቅልፉ ላይ አንድ አይጥ ቢነክሰው አለቀ። ከዚያ በፊት በተኛባቸው ሌሊቶች ሁለት ጊዜ አይጥ እንደመጣበት ከደብተሬ አነበብኩላቸው። ኃላፊው ረጅም ጊዜ አሰቡ። ከዚያ በስመ አብ ብለው «አስተኚው» አሉ።

መስታወቱ ጨለመ። ዲስኩ ውስጥ የሆነ ነገር አጉረመረመ። የቀኑ ቁጥር ሃያ አምስት ሆነ፤ ጉልበት፣ አንድ። አይጥ አልመጣም።

«ሐሙስ!» ብለው ጮኹ አዛውንቱ። «አጉርሺው! ቶሎ አጉርሺው!»

የበጉ እግር በአንድ ቁልፍ አለቀ። ከአጽሙ ጋር የተደረገው ውጊያ ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም፤ ታይፒስቷ ቁልፎቹን የምትመታው አስቸኳይ ሰርኩላር እንደሚጽፍ ሰው ነበር። አጽሙ ፈረሰ። ኮሪደሩ አለቀ። በሩ ተከፈተና መስታወቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማይና ዛፍ ታየ። ሦስታችንም አጨበጨብን። ዘበኛው ምን ተፈጠረ ብሎ ሮጦ መጣ። የአዲስ አበባው ሾፌር ቀድሞ ደርሶ ኖሮ፣ ኮምፒዩተሩን የሚያሽግበት ሳጥን ታቅፎ ከኋላው ቆሟል።

«አንድ ደቂቃ» አሉት ኃላፊው። መስታወቱን ትንሽ አዩትና ራሳቸው አጠፉት።

በሚቀጥለው ሰኞ መዝገብ ቤት ገብቼ ሳገኛቸው ጉዳዩን ለነፍስ አባታቸው እንደተናገሩ ነገሩኝ። አልዋሸሁም፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው አሉ፤ ግንቡን፣ አጽሙን፣ የረቡዑን ስሌት፣ ማስተኛቱን።

«ምን ቀኖና ሰጡዎት?» አልኳቸው።

«ምንም። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ጠጋ አሉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።»

«ምን?»

«‹ወጣ?› አሉኝ።»