ቀይ ክር ያለው ጭልፋ

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እታገኘሁን «ፈሪዋ» የማይላት የለም። እሷ ደግሞ ምን ገዷት! የጾሙን ድስት ከፍስኩ ትለያለች፣ በጾሙ ጭልፋ እጀታ ላይ ቀይ ክር ሁለቴ ቋጥራ ታስራለች። ራሷም ጿሚ ናትና በጾም ቀን ጨውን በምላሷ አትቀምሰውም፤ በማንኪያ ለክታ ነው፣ ደግሞም ስታ አታውቅም!

የዓቢይ ጾም ዓርብ ነበር። ከቅዳሴ መልስ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል የሚቀምሱ አርባ ምእመናን ይጠበቃሉ። የቤቱ ጌታ ጋሽ አየለ ጠዋት ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ «ባለፈው ዓርብ አዘግይተሽ አዋረድሽኝ። ዛሬ ከደገምሽው ጭልፋሽን ሰቅለሽ ሂጂ!» ብለዋታል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የምስር ወጡ ደረሰ። አብራት የምትሠራው ሚልካ፣ ናይሮቢ ያደገች ጴንጤ፣ ዶሮ ወጡን ስታማስል ቆይታ በዚያው ጭልፋ ምስሩን አንዴ አማሰለችው።

«ዉዊ! ፖሌ ሳና፣ በጣም ይቅርታ እቴትዬ! ክሩን ሳላይ!»

«ጭልፋ ላይ የቀረች ቅቤ ናት፤ ማን ያውቃል?» አሉ ጩኸቱን ሰምተው የገቡት ጋሽ አየለ።

«እኔ አውቃለሁ፣ ጋሼ።» ድስቱን አንስታ ለማይጾሙት ሠራተኞች አስቀመጠችው። ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ የተከተፈ ሽንኩርትና የታጠበ ምስር አወጣች። በየጾሙ ቀን ለክፉ ቀን ብላ የምታኖረው ነው፤ «ለማይመጣ እንግዳ» እያሉ ሲስቁበት የኖሩት!

የቆሎ ተማሪ የነበረው አስተናጋጅ ኪሩቤል በሩ ላይ ቆሞ ያያል። «ከእንግዲህ ፈሪ እንዳትሏት» አለ። «ጥንቁቅ በሏት። ጥንቃቄ የምንለው ቃል ሥሩ ግዕዝ ነው፤ ጥንቁቅ ማለት እቅጩን የሚያውቅ፣ ሥራውን ሳያጓድል የሚፈጽም ነው። ፍርሃት ምኑ ላይ አለ?»

«መምህር፣ እቅጩን የምታውቅ ከሆነ ታዲያ ምስሩ ስንት ሰዓት ይደርሳል?» አሉ ጋሽ አየለ እየተቆጡ።

«ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ» አለች እታገኘሁ፣ ከድስቱ ቀና ሳትል።

ደረሰ! ዘጠኝ ሲል አርባዎቹ «በስመ አብ» ብለው ቆረሱ፤ አንድ ሽማግሌማ ምስሩን አስጨመሩ።

ማምሻውን ጋሽ አየለ አዲስ ጭልፋ ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። ይቅርታ አላሉም። «ክሩ የት ነው?» ብቻ አሉ። ተቀብለው እጀታው ላይ አንዴ ቋጠሩና ሊሰቅሉት ሲሉ፣

«ሁለቴ ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው።

ሁለቴ ቋጠሩት።