ወንዝ የተሻገረው ቀርከሃ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ መጥታ የአውሮፕላን ምሕንድስና ልታጠና መሆኑን ስትነግረኝ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቴ ጋለ። «ምነው አባባ፣ ከፋዎት?» አለችኝ። ምን ከፋኝ! በዚህ ዕድሜዬም ሳስበው አንገቴን የሚያስደፋኝ ነገር ስላለ ነው እንጂ። እሱን ነገርኳት።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ዛሬ እንጅባራ የምትሉትን ያኔ ቆሰበር እንለው ነበር። ዳንግላ ተምሬ ስመለስ፣ አውሮፕላን ሠሪ ካልሆንኩ ብዬ ሰውን አሰለቸሁ። አገሩ የቀርከሃ አገር ነው፤ ሰነጠቅኩ፣ እሳት ላይ እያሞቅሁ አጎበጥኩ፣ አቡጀዲ አልብሼ ትንሽ አውሮፕላን ሠራሁ። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ከድንች ማሳው በላይ እየወጣሁ ስለቀው፣ ሽቅብ ይነሣና በጀርባው ይወድቃል። አፍንጫው እንደ ቀለለ የገባኝ አደይ ሲፈነዳ ነው። ጭቃ ለጠፍኩበት።

አባቴ በአገሩ የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። አንድ ቀን ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «በጥር ጊዮርጊስ ሰው ፊት ከበረረ አዲስ አበባ ሄደህ ትማራለህ። ካልበረረ ሞፈሩን ትጨብጣለህ» አሉኝ።

የጊዮርጊስ ዕለት ሜዳው በፈረሰኛ ተሞላ፤ አቧራው፣ የፈረስ ላቡ፣ የገብስ ጠላው ሽታ። ጉግሱ ሲጀመር እኔ ሞኙ ከጉብታው ላይ ቀርከሃዬን ለቀቅሁት። ፈረስ መኖሩን እንዴት እረሳለሁ? ጥላው ሜዳውን ሲያቋርጥ የአባቴ ፈረስ በርግጎ ዘለለ፤ እሳቸው ከነካባቸው አቧራው ላይ ተዘረሩ። በእኛ አገር በበዓል ቀን ከፈረስ የወደቀ ዓመቱን ሙሉ መተረቻ ነው። «የልጅዎ አሞራ ጣለዎት!» አለ አንዱ፤ ሜዳው በሳቅ አውካካ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ መሬት መሬቱን ሳይ፣ ሰውም እሳቸውን ሲያይ፣ ቀርከሃዬ የት እንደ ደረሰ ያየ አልነበረም።

ስንመለስ አባቴ ፈረሱን እየሳቡ፣ እያነከሱ ይሄዳሉ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «የት ደረሰ?» አሉኝ።

አላየሁም ማለት አፈርኩ። እሳቸው አቧራ ለብሰው እኔ በረረልኝ ማለቱም ነውር መሰለኝ። «ወዲያው ወደቀ፣ አባዬ» አልኩ።

ካባቸውን አራገፉና፣ «እንግዲያው ቃል ቃል ነው» አሉ። የጠየቁኝ እንዲበር ፈልገው እንደ ነበር ከድምፃቸው ገባኝ። እኔ ግን ልጓሙን ተቀብዬ ቀደምኳቸው።

የመጀመሪያውን እርሻ አርሼ ሣር ላጭድ ስሄድ፣ ከሜዳው ባሻገር ካለው ወንዝ ማዶ ቀርከሃዬን ብሳና ዛፍ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ክንፉ እንኳ አልተሰበረም። ልናገር ብል ውሸቴ ይወጣል፤ የሳቸውም ውድቀት እንደገና ይነሣል። እዚያው ትቼው ተመለስኩ።

የልጅ ልጄ ሁሉንም ሰማችና አልሳቀችም። «ታዲያ ወንዙ ከጉብታው ሩቅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ተነሥቼ እጇን ይዤ ወጣሁና በምርኩዜ አሳየኋት። አባቴንም እንዲህ እጃቸውን ይዤ ባሳየኋቸው ምን ነበረበት? እሳቸው የልጃቸው ነገር ወዲያው የወደቀ መስሏቸው ሞቱ።