አቮካዶ እንደ ጽድ አይታመንም

ይትባረክ በአገሩ ሳለ የደብሩን ጽዶች ይመለምል ነበር፤ ካምፓላ ከተሰደደ በኋላም መተዳደሪያው ይኸው ሥራ ሆነ። አንድ ቀን ሙቱንጎ በተባለው የከተማዋ ሰፈር የአቮካዶ ዛፍ ሊመለምል ወጣ። አማትቦ፣ እንደ ጽድም አምኖት፣ ከቅርንጫፉ ጫፍ ቆመ። ከወገቡ ታስሮ በላይኛው ባላ ላይ ያለፈውን ገመድ ከታች የወሎው ባለሱቅ ሉቅማን ይዞለታል።

«ጋሽ ይትባረክ፣ ይህ የደብርዎ ጽድ አይደለም! ወደ ግንዱ ይጠጉ!»

«አንተ ሱቅህን ጠብቅ!»

ቅርንጫፉ ድንገት ከእግሩ ሥር ተገንጥሎ ወደቀ፤ ይትባረክም በአየር ላይ ተንጠለጠለ። ገመዱ የሉቅማንን መዳፍ እየላጠ ሮጠ። ሉቅማን ግን እግሩን ከግንዱ ተክሎ፣ «ያ አላህ!» እያለ ያዘው፤ ቀስ አድርጎም አወረደው።

ይትባረክ የተላጠውን መዳፍ፣ መስቀል እንደሚሳለም ሰው፣ ዝቅ ብሎ ሳመ።

«ተዉ እንጂ ጋሼ! በዚህ እጄ ሱቁን ማን ይጠብቅልኝ?»

«እኔ ነኛ፤ እስኪድንልህ ድረስ።»