ፒኑ ገብቶ ነበር

የስፌት ዕቃዬን በማስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከክሩና ከአዝራሩ ሥር፣ አንድ ጣት የሚያህል የታጠፈ ብረት ለዓመታት ኖሯል። ልጆቼ ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ጠይቀውኛል። «ብረት ነው» ብዬ አልፌያቸዋለሁ፤ ነገሬን ለማንም መዘርገፍ አልወድም። ዘንድሮ ግን ከቆርቆሮው አውጥቼዋለሁና ላውራው።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ጅማ፣ ቦሳ አዲስ የሚባለው ሰፈር ነበር። አባዬ አናጢ ስለነበር ግቢያችን ሁልጊዜ የተላገ ዋንዛና የኮላ ሽታ ነበረው። አንድ ዓመት ከወዳደቀ መኪና ሁለት ጎማና ብረት አግኝቶ፣ በላዩ ላይ ከዋንዛ ጣውላ ትንሽ ክፍል ሠራ። ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ከኋላ በር። እማዬ ለመስኮቷ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰፋችላት። በሚኒባሳችን እየተሳበች የምትሄድ ቤት ነበረች። በጥቅምትና በኅዳር፣ ቡና ሲለቀም፣ አጋሮ አጠገብ ባለው ማሳችን ዳር አቁመናት ሁለት ሦስት ሳምንት እንኖርባት ነበር። ጠዋት መስኮቷን ስከፍት የእርጥብ ቅጠልና የተሰጣ ቡና ሽታ ይገባል፤ ጣፋጭ ነው፣ ትንሽ ይኮመጥጣል። ጦጦች ጣሪያዋ ላይ ሲሯሯጡ እኔና ወንድሜ ሙስጠፋ አልጋችን ላይ ሆነን ስንት እንደሆኑ በኮቴያቸው እንገምታለን።

ተሳቢዋን ከሚኒባሱ ጋር ማያያዝ የእኔ ሥራ ነበር። አባዬ ራሱ ነው ያስተማረኝ። መጀመሪያ ጎማዋ ሥር ታኮ ይደረጋል። አንገቷ ከሚኒባሱ ኋላ ያለው መሳቢያ ጋንቾ ላይ ሲገጥም ፒኑን ከላይ እሰካለሁ፣ ከታች በቀዳዳው ሽቦ አስገብቼ እጠመዝዛለሁ። በመጨረሻ ሁለቱን ሰንሰለቶች አጣምሬ እሰቅላለሁ። ሙስጠፋ በሦስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር፤ ሥራው ግን ለእኔ ተሰጠ። «የእሷ እጅ አይረሳም» ነበር ያለው አባዬ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበር። እኔና ሙስጠፋ ከኩሽኔታ የሠራናት ጋሪ ነበረችን። ከኋላዋ ሌላ ትንሽ ጋሪ አስረን፣ ድንጋይ ጭነን ከሰፈሩ ቁልቁለት እንለቃታለን። ድንጋዩ ወደ ፊት ሲሆን ትንሿ ጋሪ ጸጥ ብላ ትከተላለች። ወደ ኋላ ጫፍ ሲሆን ግን እንደ ውሻ ጭራዋን መቁላት ትጀምርና ሁላችንንም ይዛ ትገለበጣለች። ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት አባዬ የቀረውን ቡና ሊያደርቅ ማሳው ላይ ቀረ። እማዬንና እኛን ልጆቹን ወደ ጅማ እንዲመልሱን ታናሽ ወንድሙ ነስሩ መጡ። የአባት ወንድም ስለሆኑ አዴራ እንላቸዋለን። አዴራ ነስሩ ፈጣን ሾፌር ነበሩ፤ ይህንንም ከማንም በላይ ራሳቸው ያወሩት ነበር። የቡናውን ጆንያዎች በሙሉ ከተሳቢዋ የኋላ በር ሥር ደረደሯቸው። ጅማ መግቢያ ላይ የቡና ኬላ ስለነበረ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጭነው፤ ፈታሹ በሩን ከፍቶ፣ ጆንያውን ወግቶ ቶሎ እንዲያሰናብት።

«አዴራ፣ ከኋላ ከከበደ እኮ ጭራዋን ትቆላለች። ከጎማው ወደ ፊት ያድርጉት» አልኳቸው።

«ማን ነው ይህን ያስተማረሽ?»

«ጋሪያችን።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሰማችሁ? ከጋሪ ተምራ ልታስተምረኝ! ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ይልቅ ፒንሽን ሰክተሽ ግቢ።»

ሰክቼ ገባሁ። ሽቦውን ጠመዘዝኩ፣ ሰንሰለቱን አጣመርኩ። ይህን በእጄ ነው የማስታውሰው፤ የብረቱን ቅዝቃዜ፣ የሽቦውን ጫፍ ሹልነት።

ከአጋሮ ወጥተን ረጅሙን ቁልቁለት ስንጀምር ተሳቢዋ ተወዛወዘች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እየባሰባት፣ ሚኒባሱን ከወገቡ ይዛ ታንገላታው ጀመረች። አዴራ ደነገጡና ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይላቸው ረገጡት። ከኋላችን እንደ ዛፍ መሰንጠቅ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ከሚኒባሱ ስንወርድ አባዬ የሠራት ቤት ቦይ ውስጥ በጎኗ ተኝታለች፣ ጣውላዋ ተበታትኗል፣ ቡናው መንገዱን ሞልቶታል። አንዱ ሰንሰለት ተበጥሷል። ማንም አልተጎዳም። እኔ ሣሩ ውስጥ ፈልጌ ፒኑን አገኘሁት፤ ተጣሞ፣ ታጥፎ። ያልገባ ፒን አይታጠፍም። ለአዴራ ዘርግቼ አሳየኋቸው።

«ጣይው» አሉኝ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረው፣ «ልጅቷ ፒኑን ሳታስገባ ነው የመጣችው» አሉ።

እማዬ ከጋቢናው አልወረደችም ነበር። አየችኝ፣ እሳቸውን አየቻቸው፣ ዝም አለች። አላህ ይዘንላትና ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም። አባዬ በማግስቱ ሲመጣ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶታል። ይጠይቀኛል ብዬ ፒኑን ቀሚሴ ውስጥ ይዤ ጠበቅኩት። አልጠየቀኝም። ካልጠየቀኝ አልናገርም አልኩ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ኩራት ቀላል አይደለም። ተሳቢዋን መልሶ አልሠራትም። መኪና መንዳትም ያስተማረው ሙስጠፋን ነው። እኔ «ፒን የረሳችው» ሆኜ ቀረሁ። በዓረፋ ይወራል፣ በሠርግ ይወራል፤ በራሴ ሠርግ እንኳ አዴራ ነስሩ ባሌን «ቤትህን ቆልፋ መውጣቷን ተከታተል» ብለው ሳሎኑን በሳቅ አናግተውታል።

መንዳት የተማርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ለማንም ሳልናገር ነው። ጡረታ ስወጣ የቤተሰብ መኪና ገዛሁ፤ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለ አንድ ብየዳ ቤት ደግሞ መኝታ ያላት ትንሽ ተሳቢ አሠራሁ። የጭነቷ አንድ አሥረኛ ያህል ጋንቾው ላይ እንዲያርፍ፣ ሌላው ከጎማዎቹ ትንሽ ወደ ፊት እንዲሆን አጠገቡ ቆሜ አስለካሁት። ብየዳ ሠሪው መጀመሪያ ላይ ሳቀብኝ፤ ሲጨርስ ግን «እማማ፣ ከየት ነው የተማሩት?» አለኝ።

«ከጋሪ» አልኩት።

ባለፈው ኅዳር ማሳውን ለመጨረሻ ጊዜ ልይ ብለው አዴራ ነስሩ ከእኔ ጋር አጋሮ ሄዱ። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ሙስጠፋም አብሮን ነበር። ስንመለስ ሙስጠፋ ጆንያዎቹን ተሳቢዋ በር ሥር ሲደረድር አየሁት።

«ምነው እዚያ?»

«ለኬላው እንዲመች ነዋ።»

«የቱ ኬላ?»

ጆንያውን እንደያዘ ቀና አለ። እዚያ መንገድ ላይ ኬላ ካየን ዓመታት አልፈዋል። «በቃ እንደዚህ ነው የሚጫነው። አዴራ ናቸው ያስተማሩኝ።»

አዴራ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ትክክል ነው» አሉ።

ተውኩት። ክፉ ናት የሚለኝ ይበለኝ። ወደ ቁልቁለቱ ሳንደርስ ሜዳማ፣ ቀጥ ያለ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። ከፊትም ከኋላም መኪና እስኪጠፋ ጠበቅኩና ፍጥነቴን በመጠኑ ጨመርኩ። ወዲያው ጭራዋን መቁላት ጀመረች።

«ፍሬን! ፍሬን ያዢ እንጂ!» አዴራ ከጎኔ ጮኹ።

«ፍሬን ከያዝኩማ ያን ጊዜ የሆነው ነው የሚሆነው።» እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም። መኪናው በራሱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ተሳቢዋም ረጋች። ዳር ይዤ ቆምኩና ታኮ አደረግኩ።

«ሙስጠፋ፣ ውረድ። ጆንያውን ከጎማው ወደ ፊት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሲያልበው ቆሜ አየሁት። ከዚያ በዚያው ፍጥነት ነዳሁ። ተሳቢዋ ከኋላችን እንደ ክር ቀጥ ብላ መጣች። አዴራ አንገታቸውን ወደ ስፖኪዮው አስግገው ዓይናቸውን አልነቀሉም። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩት፤ ፍሬኑን የነካሁት አልፎ አልፎ ነው። ያቺ ቦይ አጠገብ ስደርስ ቆምኩ፣ ከቦርሳዬ ፒኑን አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ደጋግመው አገላበጡት። «ጣይው ብዬሽ አልነበር?» አሉ።

«አልጣልኩትም።»

አዴራ ፒኑን ጨብጠው ወደ ቦዩ ዞሩ። «ወላሂ፣ ኢንታላ፣ ፒኑ ገብቶ ነበር። ፍሬን የረገጥኩት እኔ ነኝ። አባትሽን ፈርቼ ነው። አውፍ በይኝ።»

«እዚህ መንገድ ዳር አይሆንም፣ አዴራ» አልኳቸው። «ስሜ የጠፋው ሰው በተሰበሰበበት ነው።»

ዓረፋ ሲደርስ ሳሎኔ ሞልቶ ነበር። አዴራ ነስሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ያችን የታጠፈች ብረት ለሁሉም እያሳዩ ያሉኝን በሙሉ ደገሙት። አንዲት ቃል አልቀነሱም። አልቅሳ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ካለ አላለቀስኩም። ሥጋውን ቀድሜ ለእሳቸው አወጣሁላቸው፤ ይህም ለእኔ ብዙ ነው።

ያኔ፣ ያቺ ቦይ ዳር፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው አጥቼ ነበር። አባዬ ሳይጠይቀኝ ነው የሞተው፤ ያ አሁንም አልተመለሰልኝም። ዛሬ ግን ተሳቢዬን ይዤ ልወጣ ስል አዴራ ነስሩ ከቤታቸው እየተጎተቱ ይመጣሉ። ጎንበስ ብለው ጋንቾውን ያያሉ፣ ሽቦውን በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ሰንሰለቱ መጣመሩን ያረጋግጣሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ፒኑ ገብቷል!» ይላሉ።

እኔም ጎረቤቱ መስማቱን አይቼ ሞተሩን አስነሳለሁ።