ያቺ የተለመደችው

የክኒን ማሸጊያ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ ደረቅና ቀጭን ነው። ዛሬ ጠዋት የደም ግፊት ክኒኔን ሳወጣ ያ ድምፅ ሾላ ገበያ አጠገብ ወደነበረችው ጠባብ መድኃኒት ቤት መለሰኝ። አሁን በቦታዋ ፎቅ ቆሟል።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ በዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ያጠናሁ፣ የጠርሙሶቼ ጽሑፍ ሁሉ ወደ ፊት ካልዞረ ዕረፍት የማይሰማኝ ወጣት ነበርሁ። እርሷ በኮተቤ መንገድ ዳር ባለች የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የምትዘምር፣ አስም ያለባት ልጅ ነበረች። መጀመሪያ የመጣችው የሐኪም ማዘዣ ይዛ ነው፦ ፕሬድኒሶሎን፣ ትንፋሽ የሚከፍት ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሚጎዳ ክኒን፣ ለአምስት ቀን። ከዚያ ወዲያ የምትይዘው ባዶውን ማሸጊያ ብቻ ሆነ።

«ዶክተር፣ ያቺን የተለመደችውን» ትለኛለች፣ ማሸጊያውን ባንኮኒው ላይ እያንኳኳች።

«ዶክተር አይደለሁም። ማዘዣሽስ?»

«እሑድ ሶሎ አለኝ። እያፏጨሁ ልዘምር?»

እሰጣት ነበር። ባዶ ማሸጊያ ይዞ የሚመጣውን ሌላ ሰው ሁሉ ወደ ሐኪም እመልሳለሁ፤ እርሷን ብመልሳት ግን ሌላ መድኃኒት ቤት ትለምዳለች ብዬ ፈራሁ። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሳላስጌጥ ልንገርህ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ፊቷ ሲሞላና ክብ ሲሆን ጓደኞቿ «ተመችቶሻል» አሏት። እኔ ግን ያን ክብ ፊት ከመማሪያ መጽሐፌ አውቀው ነበር፤ ክኒኑ ሲበዛ የሚያመጣው ነው።

አንድ ቅዳሜ መዘምራኑ ለጸሎት ወደ እንጦጦ ሲወጡ ጋበዘችኝ። ዝናብ ያበሰበሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል ከእግራችን ሥር ይሸታል፤ በግንዶቹ መካከል ብርሃን ተሰንጥቆ ይገባል። እርሷ ሁሉንም ቀድማ ወጥታ ዞረችና እኔ ሳለከልክ አየችኝ። «አስሙ ያንተ ነው እንዴ፣ ዶክተር?» አለች። ያን ቀን ስትዘምር ጥፋቴን እንደ ውለታ ቆጠርሁት።

በዓመቱ ማነከስ ጀመረች። «ጉልበቴን ነው፤ ተንበርክኬ ስለምጸልይ ይሆናል» ስትለኝ የሚቀባ ቅባት ሰጠኋት። ራጅ ስትነሣ ግን ጉልበቷ ጤነኛ ነበር። የታመመው ዳሌዋ ነው፤ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው የጭን አጥንቷ ራስ ደም አጥቶ ሞቶ ነበር።

«ከምን መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«መነሻው ብዙ ነው» አልኋት። ከመነሻዎቹ ዋነኛው ባንኮኒዬ ላይ እንደነበረ አልነገርኋትም። ያቺን የተለመደችውን ቀስ በቀስ ቀነስሁባትና «ከገበያ ጠፍታለች» ብዬ አስቆምኋት።

መዘምራኑ ዳግም ወደ እንጦጦ ሲወጡ እርሷ በሁለት ክራንች እስከ አቀበቱ ሥር መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ልቀመጥ ስል ከለከለችኝ።

«ውጣና ስማቸው። የእኔ መጉደል ይታወቅ እንደሆነ ንገረኝ። ለማጽናናት ብለህ እንዳትዋሸኝ።»

ወጣሁ። መዝሙሩ ከፍ በሚልበት ቦታ፣ ድምፅዋ ይገባበት በነበረው፣ ነፋስ ብቻ በዛፎቹ አለፈ። የክኒኑን ነገር ጭምር ሁሉንም ልነግራት ቆርጬ ወረድሁ።

«ይታወቃል» አልኋት።

ፊቷ በራ። «አንተን የላክሁህ ስለማትዋሸኝ ነው» አለችና እጇን ዘረጋችልኝ።

አነሣኋት፤ ክራንቿንም አቀበልኋት።