ባትሪውን አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ኮድ

በዚያ ዘመን ቀን ቀን ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። ከሥራ መልስ ደግሞ በየአገሩ ካሉ ፈቃደኞች ጋር ሆኜ፣ ለማንም በነጻ የሚሰጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንከባከብ ነበር። የኔ ድርሻ ጠባብ ናት፤ ሲስተሙ ከላፕቶፑ ፈርምዌር ጋር ተነጋግሮ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው የሚያውቅባት ክፍል። ፈርምዌር ፋብሪካው ማሽኑ ውስጥ ቀብሮ የሚሸጠው ፕሮግራም ነው፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ አመሉ ይጽፈዋል። ማንም ልብ የማይላት ሥራ ናት፤ እኔ ግን እኮራባት ነበር።

ታላቅ እህቴ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች። ላፕቶፗ ላይ ይህንኑ ሲስተም የጫንኩላት እኔ ነኝ። ወቅቱ የመብራት ፈረቃ ነው። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እሷም መብራት ሲኖር የሞላው ባትሪ እንዳይሞት ብላ አውጥታ ማሽኑን ያለሱ ታበራለች፤ መብራት ሊሄድ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ማሽኑን ሳታጠፋ ትመልሰዋለች። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ሴቭ የምታደርገው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ በባትሪ እየሠራች ሳለ ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ማሽኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ከጠዋት ጀምራ የተየበችው ምዕራፍ አብሮ ሄደ። ባለቤቱ ተማሪ በማግስቱ ማስረከብ አለበት። ደውላ ጠርታኝ ስደርስ ልጁ በሩ ላይ ቆሟል።

«ባትሪውን ማን አውጪ አለሽ?» አልኳት፣ ልጁ እየሰማ። «ማሽን እኮ እንዲህ አይያዝም፣ በቃ።»

ወደ ልጁ ዞራ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። ኡራኤል አካባቢ ጄኔሬተር ያለው ቢሮ የምትሠራ ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳ ምዕራፉን እንደ አዲስ ተየበችው። ልጁም በሰዓቱ አስረከበ።

በሳምንቱ ኮዴን ስፈትሽ ነገሩን አገኘሁት። ሥራዬን ላሳጥር ብዬ፣ ባትሪ ገብቶ እንደሆነ በየጊዜው የሚጠይቀውን መስመር የሰረዝኩት ራሴ ነኝ። ማሽኑ ሲበራ ባትሪ ካላገኘ ዳግመኛ አይጠይቅም፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ምዕራፉ ከመጥፋቱ ጥቂት ቀን በፊት ያንን አዲስ ቅጂ እህቴ ላፕቶፕ ላይ የጫንኩትም እኔው ነኝ። ማሽን እየሠራ ባትሪ የሚያስገባ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም፤ የገዛ እህቴ ግን በየቀኑ ታደርገዋለች። መስመሩን መለስኩት። አብረውኝ ለሚሠሩት ፈቃደኞችም ስህተቱ የኔ መሆኑን ከነይቅርታው በእንግሊዝኛ አሳምሬ ጻፍኩላቸው። አመሰገኑኝ።

ለእህቴ ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አፍሬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። የተስተካከለውን ስጭንላት ሁሉንም ነገርኳት፣ ለፈቃደኞቹ መጻፌንም ጭምር።

«ለነሱ መቼ ነው የጻፍክላቸው?» አለችኝ።

«ያገኘሁት ዕለት» አልኳት።

ላፕቶፗን ወደ ራሷ ስባ መተየቧን ቀጠለች።