የመሪጌታ ከበሮና ሁለተኛው ዲስክ

ሰብለ ወንጌል ጠዋት የጌም ቤቷን በር ግማሹን ብቻ ነው የምትከፍተው። ሙሉውን ከከፈተችው ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ይገባሉ፤ ያ ሰዓት ደግሞ የአባቷ ነው።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ጣና ላይ ባለች ደሴት ሲያገለግሉ፣ ሲሸበሽቡና ከበሮ ሲመቱ ነው የኖሩት። ከታመሙ ወዲህ ግን ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ጌም ቤቱ ጥግ የፕላስቲክ ከበሮ ያለው አሮጌ ፕሌይስቴሽን ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ክብ ሲመጣ ከዘፈኑ ጋር እኩል መምታት ነው። አንድ ቀን ሰብለ ለቀልድ የከበሮውን ዱላ አስጨበጠቻቸው። ከዚያ በኋላ እጃቸው በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ እየተፍታታ መጣ፤ ማንኪያም ያዙ።

አሁን የጌሙ ዲስክ አርጅቷል። ማሽኑ አንዳንድ ቀን ያነበዋል፣ አንዳንድ ቀን ይተፋዋል። ሰብለ በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች መለመን ሰልችቷታል።

አዲስ ዲስክ እንዲገዛላት የላከችው የአይሱዙ ሹፌሩ ክንዱ መርካቶ ሆኖ ደወለላት። "አንደኛው የለም፤ ሁለተኛው አለ።" "እሱን አምጣልኝ" አለችው ደስ ብሏት። እሷ ባደገችበት ቤት ወደ ላይኛው ትምህርት የሚያልፍ ሰው የታችኛውን ይዞ ነው፤ ሁለተኛው ዲስክም አንደኛውን በሆዱ የያዘ መሰላት።

ቅዳሜ ጠዋት ክንዱ ራሱ ሲያመጣላት ከተተችው። ስክሪኑ መጀመሪያ ዋናውን ዲስክ አስገቡ አለ።

"ምን ሆነ?" አሉ መሪጌታ።

"ጭማሪ ነው አባባ። አሮጌው ካልከፈተለት ብቻውን አይሠራም።"

"ብቻውን የሚሠራስ የለም?"

"ነበረ እንጂ!" አለ ክንዱ። "እኔ ሹፌር ነኝ መሪጌታ፤ የታዘዝሁትን ጫንሁ።"

"አንተ ደግሞ ዝም በል!" አለችው ሰብለ።

አሮጌውን ወልውላ ከተተች። ተፋው። ደጋግማ ስትሞክር በመጨረሻ ያዘ። ዘፈኖቹ ሲከፈቱ ፈጥና አወጣችውና አዲሱን ተካች። የወጣው ዲስክ ግን እጇ ላይ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ተሰንጥቆ ነበር።

መሪጌታ ሰምተውት በማያውቁት ዜማ መቱ፤ ሳቱ፤ ሳቁ። "ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ግድግዳው ይፈርሳል!" አለ ክንዱ። ቀኝ እጃቸው ከግራው እኩል ይወርድ ጀመር። ሰብለ እያየች ስንጥቁን ነገረቻቸው።

"ማሽኑ ከጠፋ በቃ፣ ሌላ ጊዜ አይከፈትም። ግን አላጠፋውም። መብራት ከሄደም ጄኔሬተር እለምናለሁ።"

መሪጌታ ዱላውን አስቀመጡ።

"ነገ ዘወረደ ነው ልጄ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ከበሮ አይመታም።"

"አባባ፣ ይኼ እኮ ፕላስቲክ ነው!"

"እጁ የኔው ነው።"

"ሐኪሙ እኮ ሥራ ከፈታ ይደርቃል ብሏል።"

"ሰምቻለሁ።"

መብራቱ በዚህ ሰፈር እስከ ፋሲካ ሳይሄድ እንደማይቆይ ታውቃለች። ለመከራከርም ደክሟታል። መሪጌታ ቀኝ እጃቸውን ወደ ማሽኑ ዘረጉ፤ አውራ ጣታቸው ቁልፉን ፈልጎ ፈልጎ አገኘው። ስክሪኑ ጠቆረ።

"መቋሚያዬን አቀብይኝ" አሉ። "ለጾሙ ዝማሜ እሱ አለ።"

በግራ እጃቸው ልታስይዛቸው ስትል ቀኙን ዘረጉ። ያዙት፤ አመለጣቸውና ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሣችው። እንደገና ያንኑ እጅ ዘረጉላት።